ቀጭ የምትለው ዕቃና የደሴው ቡቺ

የውሻ ማሠልጠኛ ዕቃ ገዛሁ ስላት እናቴ «ዱላው ምን ሆነ?» አለችኝ። ዕቃዋ ክሊከር ትባላለች። አውራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ ናት። ስትጫኗት ቀጭ፣ ስትለቋት ቀጭ ትላለች። ሌላ ሥራ የላትም። ባትሪ አትፈልግም፣ ከስልክ ጋር አትገናኝም። ዋጋዋም የአንድ ኪሎ ሥጋ አይሞላም። ሁለት ዓይነት ገዛሁ፤ ከራሴ ሱቅ ደግሞ የሚጫን እስክሪብቶ ጨመርኩና ከክረምት ጀምሬ እስከ ፋሲካ ሦስቱንም ሞከርኳቸው። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ፣ ግቢ ውስጥ ውሻ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ ፈልጌ ያገኘሁት ምክር ሁሉ ሶፋ ላይ ለሚተኛ ውሻ የተጻፈ ነው።

ቡቺ ሶፋ አያውቅም። የሀበሻ ውሻ ነው፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ቤታችን ጦሳ ተራራ ሥር ስለሆነ ማታ ጅቡ አጥር ድረስ ይመጣል፤ የቡቺ ሥራ እሱን ማባረር ነው። በዚህ አይታማም። ችግሩ ቀን ነው። እንግዳ ሲገባ በደስታ ያብዳል። ይዘላል፣ በሁለት እግሩ ደረት ላይ ይወጣል፣ ያገኘውን ይልሳል።

ቡና ደግሞ ያለ ጎረቤት አይጠጣም። ከሰዓት በኋላ ከሚመጡት አንዱ ከጀርባችን ያሉት ሐጂ ናቸው። ብዙ ጊዜ ውዱእ አድርገው ነው የሚመጡት፤ በረካውን ጠጥተው ወደ መስጊድ ያልፋሉ። የውሻ ለሃጭ የነካውን ልብስ ሳያጥቡ አይሰግዱበትም። ቡቺ በጭቃ እግሩ ሲወጣባቸው፣ እጃቸውን ሲልሳቸው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ እንስሳ አይደል» ይሉና ልብስ ለመቀየር ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። እናቴ በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች። ብናስረው ቡናው እስኪያልቅ ያላዝናል። በመጥረጊያ ሲመታ ደግሞ ለሰዓት ያህል ይጠፋና ለሚቀጥለው እንግዳ ያንኑ ይደግማል። ዱላው ያመጣው ለውጥ ቢኖር የእህቴ ልጅ መጥረጊያ ባነሣ ቁጥር ጥርሱን ማሳየቱ ብቻ ነው።

የክሊከሯ ብልሃት ይኸውላችሁ። ውሻ የሠራውንና ያገኘውን የሚያያይዘው ሁለቱ ከተቀራረቡ ነው። ቁጭ አለ እንበል። እናንተ ሥጋውን ከኪሳችሁ እስክታወጡ ተነሣ። ሰጣችሁት። በሱ ቤት የተሸለመው ለመነሣቱ ነው። ቂጡ መሬት በነካባት ቅጽበት ቀጭ ካደረጋችሁ ግን ለየትኛው እንደተሸለመ ያውቃል፤ ሥጋው ትንሽ ቢዘገይም ችግር የለውም። ሰው «ጎበዝ!» ብሎ ማመልከት አይችልም ወይ? ይችላል። ግን «ጎበዝ» ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ የሚነገር ቃል ነው፤ ድምፃችንም እንደ ስሜታችን ይለዋወጣል። ቀጭታዋ ተናድዳችሁም ደስ ብሏችሁም ያው ናት።

ይህ እንዲሠራ መጀመሪያ ድምፁን ከምግብ ጋር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ምንም ሳታዙት ቀጭ፣ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ። እንደገና ቀጭ፣ ቁራሽ ሥጋ። ድምፁን ሰምቶ ጆሮውን ሲቀስርና እጃችሁን መፈለግ ሲጀምር ገብቶታል። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾቹ ገና ምግቡን ሳያዩ ለሃጫቸው ሲዝረበረብ ያስተዋለው ይህንኑ ነው። (የኖቤል ሽልማቱን በ1904 እ.ኤ.አ. ያገኘው ግን በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው።) ቀጭታን ለእንስሳት ሥልጠና ማዋል የጀመሩት ደግሞ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ሜሪያን ብሬላንድ ናቸው፤ ባልና ሚስቱ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ ሥራ ኩባንያ አቋቋሙ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ክሊከር በየውሻ ባለቤቱ እጅ እንድትገባ ያደረገችው ካረን ፕራየር ከዚያ በፊት ሃዋይ ውስጥ ዶልፊኖችን በፉጨት ታሠለጥን ነበር። ዶልፊን በዱላ አይገራም፤ ደስ ካላለው ጠልቆ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ታሪክ እናቴን አላሳመናትም። ያሳመናት አይጥ ነው። ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ከተማ፣ አፖፖ የሚባል ድርጅት ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን በዚችው ቀጭታና በምግብ ፈንጂ ማሽተት ያስተምራል። ማጋዋ የተባለው አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ ሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. ከአንድ የእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ሲወጣ ከ100 በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ አግኝቶ ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አይጥ ሜዳሊያ ካጠለቀ ይኼ ዘልዛላ ቁጭ ማለት አያቅተውም» አለች። ስለ ዱላው ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያዋ ሣጥን መሳይዋ ናት። ውስጧ የብረት ምላስ አለ፤ ስትጫኑት ታጥፎ ይመለሳል። ድምፅዋ ስለታም ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ ላለ ደንታ ቢስ ውሻ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ቡቺ ግን ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴ ሲገባ ቡችላ ነበር። ያን ጊዜ የሰማው ድምፅ ዛሬም አልወጣለትም፤ ቆርቆሮ ሲንኳኳ እንኳ ይደነግጣል። ሣጥኗን ቀጭ ሳደርጋት ሥጋውን ጥሎ ሮቶው ሥር ገባ። ማሸጊያዋ ላይ የሚስቅ ወርቃማ ውሻ ተሥሏል፤ ድምፅ የሚፈራ ውሻ ያለው ሰው ምን ያድርግ የሚል ግን አንድ መስመር የለም። ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ ወይም ጋቢ ሥር ይዛችሁ ብትጫኗት ድምፅዋ ይለዝባል። ጆሮው አጠገብ ማድረግ ደግሞ ለየትኛውም ውሻ አይሆንም። ሌላው ችግሯ ዝገት ነው። በደሴ ክረምት በረንዳ ላይ ከከረመች በኋላ አንዳንዴ ትጮሃለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች። አንዴ የምትሠራ አንዴ የማትሠራ ክሊከር ባትኖር ይሻላል።

ሁለተኛዋ ባለ ቁልፏ ናት። ከላይ ጉብ ያለች መጫኛ አላት፤ ድምፅዋ ቀነስ ይላል፣ አትዝግም፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚገባ ላስቲክ አላት። ይህ ላስቲክ ትንሽ ነገር ይመስላል። በአንድ እጅ ሥጋ፣ በሌላው የግቢውን በር ለያዘ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቷ ቶሎ መጫኗ ነው፤ ኪስ ውስጥ ሳታስቡት ቀጭ ትላለች። ቀጭ ካለች ደግሞ ሥጋ መስጠት ግድ ነው፣ በስሕተትም ቢሆን። ሕጉ ይህ ነው፦ አንድ ቀጭታ፣ አንድ ጉርሻ።

ይህን ሕግ ከልጅ ጠብቁት። የእህቴ ልጅ ባለ ቁልፏን አግኝቶ ግማሽ ቀን ቀጭ ቀጭ ሲያደርጋት ዋለ። ቡቺ መጀመሪያ ሮጦ መጣ፣ ምንም የለም። እንደገና መጣ፣ ምንም የለም። ማታ ላይ ድምፁን ሰምቶ ዞር አላለም። ባዶ ቀጭታ እንደ ሐሰተኛ ብር ናት፤ በበዛች ቁጥር የእውነተኛዋም ዋጋ ይወርዳል። ድምፁን ከምግብ ጋር ማስተዋወቁን ከመጀመሪያው መጀመር ነበረብን። አሁን ክሊከሯ ከቡና ስኒው ጋር ቁም ሣጥን ላይ ነው የምትቀመጠው።

ለአዲስ አበባው ሱቅ ቅሬታ አለኝ። ዕቃውን ያመጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ሻጩ «ሲጫኑት ውሻው ይታዘዛል» ብሏታል። አይታዘዝም! የቴሌቪዥን ሪሞት አይደለችም። መጥሪያም አይደለችም፤ ውሻው ወደ ጎረቤት ሲሮጥ ቀጭ ካደረጋችሁ መሮጡን አመሰገናችሁት ማለት ነው። ዕቃው ላይ ያለው ጥላቻ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ዓይነት አሻሻጥ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ሥጋው፤ ወጪው ያለው እዚያ ነው። ቁራሹ የሽምብራ ፍሬ ቢያክል ይበቃል። ትልቅ ከሆነ ውሻው ሲያኝክ ትምህርቱ ይቋረጣል፣ ቶሎም ይጠግባል። እኔ የምገዛው ሳንባ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሲቀቀል ለመክተፍ ይመቻል። መቀቀሉን ግን አትዝለሉት። እኛ ጋ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። የከብትና የበግ ሳንባ ላይ አንዳንዴ ውኃ የቋጠረ እብጠት ታያላችሁ አይደል? ውስጡ የትል ዕጭ አለ። ውሻው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ በእጅ ወይም በምግብ ወደ ሰው ከገባ የሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው እብጠት ይበቅላል። እብጠት ያለበትን ቆርጣችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፣ ሌላውን በደንብ ቀቅሉት። የወጥ ትራፊም ለዚህ አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ ያለ ሽንኩርት ወጥ ደግሞ የት አለ?

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘጉ፣ ቡቺ ደግሞ ትምህርቱ መሃል ላይ ነው። በቅቅል ካሮትና በደረቅ ዳቦ ሞከርኩት። ግቢው ጭር ሲል ለካሮት ይሠራል፤ ሰው በሩ ላይ ሲመጣ ግን ካሮት የሚባል ነገር መኖሩን ይረሳል። ፈተናው በከበደ ቁጥር ክፍያውም መጨመር አለበት። ስለዚህ ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ ቀና ብሎ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ።

«ለውሻ ነው» አልኩት።

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት» አለና ሳንባውን መዘነልኝ።

እናቴ በጾም የሥጋ ሽታ ወደ ማድ ቤቷ እንዳይገባ ከለከለች። ለቡቺ የራሱ ድስት ተገዛለት፤ ደጅ፣ ከሰል ላይ ይቀቀላል። ትምህርቱ በዚህ ምክንያት አልተቋረጠም። ደሴ ስለሆንን ነው እንጂ ሌላ ቦታ ቢሆን እስከ ትንሣኤ ይቆም ነበር።

በሩ ላይ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ የገዛኋት ለዚሁ ነው። ከበሩ አልጀመርንም። ሮቶው አጠገብ አሮጌ ጆንያ አነጠፍንለት። ጆንያውን ሲያይ ቀጭ። አንድ እግሩን ሲያሳርፍበት ቀጭ። ቆይቶ አራቱንም፣ ቆይቶ ቁጭ ሲልበት ብቻ። ጥቂት ደቂቃ ሠርተን እናቆማለን፤ ከረዘመ እሱም እኔም እንሰለቻለን። ወዶ ሄዶ የሚቀመጥበት ሲሆን «ቦታህ» የሚለው ቃል ተጨመረ። ከዚያ እኔ ራሴ ወጥቼ የቆርቆሮውን በር ቀስ ብዬ አንኳኳሁ፣ ገባሁ፣ ቁጭ ካለ ቀጭ። ከዚያ እህቴ። ከዚያ ለቡና የምትመጣዋ የታችኛዋ ጎረቤታችን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ።

ሲዘል ደግሞ ማንም አይጮህበትም። ጀርባ ይሰጠዋል፣ እጅ ይታጠፋል፣ ዓይን አይሰጠውም። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ሰው ነው። አንዱ ጀርባውን ሲሰጥ ሌላው «ሂድ ከዚህ!» እያለ ይገፋዋል፤ ለቡቺ መገፋትም ጨዋታ ነው። ደግሞም መጀመሪያ ላይ ባሰበት። ዱሮ ዘልሎ ትኩረት ያገኝ ነበር፤ አሁን ሲያጣው ከፍ አድርጎ ዘለለ፣ የታችኛዋን ጎረቤታችንን ሻሽ አወለቀ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ተሸንፋችሁ ትኩረት ከሰጣችሁት ግን ከፍ ያለው ዝላይ እንደሚያዋጣ ተማረ ማለት ነው።

ሐጂ ከፋሲካ በፊት መጡ። እናቴ ቡናውን ትታ ቆማ ታያለች። በሩ ተንኳኳ፣ ቡቺ ሮጠ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ወደ ጆንያው ተመለሰ። ቀጭ። ሥጋውን ሄጄ እዚያው ሰጠሁት።

«ደግሞ ይቺ ምንድን ናት?» አሉ ሐጂ።

«ውሻውን የምታስተምር ናት፣ ሐጂ። አንቱ ሲገቡ ቁጭ ካለ ቀጭ አደርግና ሥጋ እሰጠዋለሁ።»

«ሥጋ ካለበትማ እኔም ቁጭ እላለሁ» ብለው ዱካውን ሳቡ።

የዚያን ቀን በረካውን ጠጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ ሄዱ። አሁን በሩ ላይ ክሊከሯን አልይዝም። አንዴ የተማረውን ለማስቀጠል አታስፈልግም፤ «ቦታህ» የሚለው ቃልና አልፎ አልፎ አንድ ቁራሽ ይበቃል። የምትወጣው አዲስ ነገር ሲጀመር ነው። በዚህ ሰሞን ለክትባት ሲሄድ አፉን ማሠሪያ ውስጥ በፈቃዱ እንዲያስገባ እያስተማርኩት ነው፤ አፍንጫው ማሠሪያውን ሲነካ ቀጭ፣ እንደ ጆንያው ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ።

የማትሠራበትን ልንገራችሁ። ሌሊት በጅብ ላይ ለሚጮህ ውሻ ምንም አታደርግም፤ ባታደርግም እሰየው። እናቴ «ሰው ከለመደ ሌባም ይለምዳል» ብላ ፈርታ ነበር፤ ከመሸ በኋላ አጥር የሚነካ ሰው እንዳልተለመደ መንደሩ ሁሉ በጆሮው ያረጋግጣል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ለሚውል ውሻም ብዙ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ ይፈታ፣ ይሩጥ፣ ከዚያ ይማራል። መንገድ ላይ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ልጆችና ድንጋይ፣ ባጃጅና የሰፈር ውሾች ባሉበት፣ የግቢውን ትምህርት ሁሉ ረስቶ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የጀመረው። የሚናከስ ውሻ ደግሞ የዚች ፕላስቲክ ጉዳይ አይደለም። እሱን ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ክትባቱ ይሟላ፤ ሰው ከነከሰም ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።

እስክሪብቶውን ረሳሁት። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስላለኝ ሞላ ያለ ካርቶን አለኝ። ከኋላ የሚጫነው ዓይነት ለሚፈራ ውሻ ከሁለቱም ክሊከሮች ይሻላል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ቡቺን ከሮቶው ሥር ያወጣሁት በሱ ነው፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ባለ ቁልፏ አሻገርኩት። እኔን ያስቸገረኝ ሱቁ ከግቢው ጋር መያያዙ ነው። ደንበኛ እስክሪብቶ መርጦ ሲሞክር ቡቺ በጓሮ በር ብቅ ብሎ ሥጋ ይጠብቃል። የማርማላታ ጠርሙስ ክዳንም ይሆናል፤ መሃሉ ጉብ ያለው፣ በጣት ሲጫኑት ቀጭ የሚለው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በቤት ባለው ጀምሩ። ውሻውም እናንተም ከወደዳችሁት ባለ ቁልፏን ግዙ።

ከአምስት ኮከብ ለባለ ቁልፏ አራት እሰጣታለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት ኪስ ውስጥ በራሷ ስለምትጮህ ነው። ለሣጥኗ ሁለት። ለእስክሪብቶው አራት ተኩል፣ ሱቅ የሌለው ሰው አምስት ሊያደርገው ይችላል። ስትገዙ ሻጩ አንድ ጊዜ እንዲጫንላችሁ ጠይቁ፤ እናንተ ዓይናችሁን ካርገበገባችሁ ለውሻውም ይበዛበታል። ላስቲኩንም ሳቡት፤ የኔ አሁን ላልቷል፣ በፀጉር ማሠሪያ ተክቼዋለሁ። ሣጥኗን የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እለቃለሁ። ዝገቷን በዘይት ጠርጌዋለሁ፤ ካልሲዋም አብሮ አለ።